የወላይታ አፈርና የናይትሮጂን መለዋወጥ፦ ከእንሰት ጓሮ እስከ ረግረግ

መግቢያ

ናይትሮጂን ለሰብል ልምላሜና ለፍሬ መሙላት እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ይሁንና መጠኑ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ከቦታ ቦታ፣ ከወር ወር ይለያያል። ይህ ካልታወቀ በውድ የተገዛ ማዳበሪያ በከንቱ ይባክናል፤ ይዞታው ጠባብ በሆነው የወላይታ ገበሬ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ከባድ ነው።

ሀ. በቦታ የሚታይ ልዩነት

የወላይታ ገበሬ ማሳውን ለይቶ ያውቃል። በቤቱ ዙሪያ እንሰት የሚተከልበትና ፍግ የሚጣልበት ለም መሬት «ዳርኮዋ»፣ ራቅ ብሎ በቆሎና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ «ሾቃ» ይባላል። ከሩቁ ማሳ የተሰበሰበውን አገዳና ገለባ ከብት ሲመገበው ፍጉ የሚወድቀው በጓሮ ስለሆነ፣ ናይትሮጂኑም ወደ ጓሮ ይጓዛል።

ውሃ በሚተኛበት ረግረግ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አፈሩ አየር ስለሚያጥረው የሞተው ሣር ፈጥኖ አይበሰብስም። በመሆኑም ጠቅላላው ናይትሮጂን ብዙ ሆኖ ሳለ ተክል ሊወስደው የሚችለው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ለ. በጊዜ የሚታይ ልዩነት

በበጋ አፈር ሲደርቅ የባክቴሪያዎች ሥራ ይቀዘቅዛል። የበልግ ዝናብ እንደ ጣለ ሥራቸው በድንገት ስለሚያይል ብዙ ናይትሬት ይፈጠራል። ሰብሉ ሥር ሳይሰድ ከባድ ዝናብ ቢከተል ናይትሬቱ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። በክረምት ደግሞ ረግረጉ በውሃ ሲሞላ፣ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅንን ከናይትሬት ስለሚወስዱ ናይትሮጂኑ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል።

ረግረግ በቦይ ተጠንፎ ሲታረስ የተከማቸው ብስባሽ በፍጥነት ይፈራርሳል። የመጀመሪያው ምርት ያማረ ይሆናል፤ የተወሰደው ካልተተካ ግን ሀብቱ ከዓመት ዓመት ይመናመናል።

ሐ. ለትምህርትና ለዕቅድ ያለው ትርጉም

በ100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጂን ይገኛል። ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ፣ ወይም ሰብሉ ሥር ከመስደዱ በፊት ከተበተነ ብዙው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች በአንድ ቦታና በአንድ ወር በተወሰደ ናሙና ላይ ብቻ ተመሥርተው ለመላው ወረዳ አንድ ዓይነት መጠን መወሰን አይገባቸውም።

መምህራንም ተማሪዎች ከጓሮ፣ ከሩቅ ማሳና ከረግረግ አፈር እየቆፈሩ ቀለሙን እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይችላሉ። ግራጫ አፈር አየር ማጣትን፣ በሥሮች ዙሪያ የሚታይ የዝገት ቀለም ደግሞ አየር የደረሰበትን ስፍራ ያመለክታል። ምልከታው በበጋና በክረምት ከተደገመ፣ ገበሬው በስም የለየውን ልዩነት ተማሪው በምክንያት ሊያስረዳው ይችላል።