ኪሎም ይታከም

ካንሰር የያዘው ሰው ሲከሳ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰቡ ነው። ሱሪው ይሰፋዋል፣ ቀለበቱ ከጣቱ ይወልቃል፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። «በሽታው ነው የጨረሰው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይታለፋል። መታለፉ ግን ትክክል አይደለም፤ የታካሚ ክብደት እንደ ሙቀቱና እንደ ደም ግፊቱ በየቀጠሮው ሊለካ፣ ሲቀንስም ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ኬሞ ከመጀመራቸው በፊት ኪሎ የቀነሱት በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ካልቀነሱት ያነሰ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል። በ2011 የተለያዩ አገራት ባለሙያዎች በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስን የአደጋ ምልክት ብለው ተስማሙ፤ ቀድሞውንም ቀጭን ለሆነ ሰው 2 በመቶ ይበቃል። ለ60 ኪሎ ሰው 5 በመቶ ማለት 3 ኪሎ ብቻ ነው። የተራበ ጤነኛ ሰው ሰውነት ስቡን እያቃጠለ ጡንቻውን በተቻለው መጠን ይቆጥባል፤ በካንሰር የሚመጣው ክሳት ግን ከሰውነት መቆጣት ጋር ስለሚያያዝ ጡንቻውንም አብሮ ይበላል። ጡንቻው የሳሳ ሰው ደግሞ ኬሞው ይበረታበታል። ኪሎው ለመድኃኒት ስሌትም ያስፈልጋል፤ የብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው ከቁመትና ከክብደት በሚገኝ የሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ዛሬም የሚሠራበት አንዱ ቀመር በ1916 የወጣ ሲሆን፣ መነሻው የዘጠኝ ሰዎች ልኬት ብቻ ነበር! በዚህ ላይ የወራት ዕድሜ ያለው ኪሎ ከካርዱ ተገልብጦ ከተሰላ ስህተቱ ይደራረባል።

«በሽታው ካልዳነ ምግብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ይህን ዓይነቱን ክሳት በመመገብ ብቻ መመለስ አይቻልም፣ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ታካሚን በግድ ማጉረስ ማሰቃየት ነው። ነገር ግን ከክሳቱ ከፊሉ የሚመጣው ከአፍ ቁስል፣ ከማቅለሽለሽ፣ ከሆድ ድርቀት፣ ከሕመምና ከጭንቀት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ይታከማሉ። በ2023 በታተመ የህንድ ጥናት፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ኦላንዛፒን በትንሽ መጠን ሲሰጥ ኬሞ ላይ የነበሩ ሰዎች የምግብ ፍላጎትና ክብደት ጨምሯል። ዕድሜ ማርዘሙ የተለየ ጥያቄ ነው፤ ለመብላት መቻል ግን በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሚዛኑም ያታልላል። ሆድ ወይም እግር ውሃ ሲቋጥር ኪሎ ይጨምራል፣ ዘመድም «ተመስገን፣ አገገመ» ይላል፤ ወፍራም ሰው ጡንቻው አልቆ እንኳ የከሳ አይመስልም። የጡት ካንሰር ታካሚዎች ደግሞ በኬሞ ወቅት ብዙ ጊዜ ይወፍራሉ፣ ይህም የራሱ ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከእብጠቱና ከጉልበቱ ጋር ማንበብ ያስፈልጋል እንጂ ሚዛኑን መተው መልስ አይሆንም።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ ብዙ ታካሚ ሐኪም ፊት የሚቀርበው እህል አልወርድ ካለው በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የመዋጫውን መንገድ መክፈት ከሕክምናው ሁሉ መቅደም አለበት። ለሌላውም ቢሆን ቀጭን ሾርባ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 ግራም በላይ ሲሆን፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትን ማማከር ይቻላል፤ ለታመመ ይፈቀዳል። አስታማሚዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሕመምተኛችሁ ሚዛን ላይ ሳይወጣና ኪሎው ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ከክፍሉ አትውጡ።