ያውቁ ኖሯል? ካልኩለስን አብሮ መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ በተባለው የሒሳብ ኮርስ ይወድቁ ነበር። መምህራኑ ምክንያቱን ሲጠየቁ የዝግጅት ማነስን፣ የፍላጎት ማጣትንና የቤተሰብ ድጋፍ ጉድለትን ይጠቅሱ ነበር።

የሒሳብ ሊቁ ዩሪ ትራይስማን ግን በግምት አልረካም፤ ተማሪዎቹ የሚያጠኑበት ድረስ ሄዶ ተመለከተ። አብዛኞቹ ጥቁር ተማሪዎች ለሰዓታት ብቻቸውን ይታገሉ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና በኋላ ተሰብስበው መልሳቸውን ያስተያዩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርም ነበር።

ትራይስማን ማጠናከሪያ ትምህርት አልከፈተም። ከመደበኛው ኮርስ የከበዱ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ ተማሪዎቹ በትናንሽ ቡድን እንዲከራከሩባቸው አደረገ። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው እንደ ደካማ ሳይሆን እንደ ጎበዝ ተቆጠረ። የተማሪዎቹም ውጤት ተሻሻለ።

የትምህርቱ አሰጣጥ የተማሪውን ስሜትም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአራት የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። በተለመደው የሒሳብ ሌክቸር ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እውቀት እንደጨበጡ ሲናገሩ፣ ተማሪዎች ራሳቸው እየመረመሩ በሚማሩባቸው ክፍሎች ግን ይህ ልዩነት አልታየም።