የጥርስ ሐኪም ለመሆን የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?

አንባቢ ሆይ! በአሜሪካ አገር የጥርስ ሕክምና ለመማር አመልክተህ ከሁለት ትምህርት ቤቶች የመቀበያ ደብዳቤ ደረሰህ እንበል። አንደኛው ስሙ በዓለም የታወቀ፣ ክፍያውም የከበደ ነው፤ ሁለተኛው ዝናው ብዙ ያልተሰማ፣ ነገር ግን በግማሽ ዋጋ የሚያስተምር ነው። ወዴት ትሄዳለህ? ብዙ ወጣት ሳያመዛዝን ወደ ስሙ ይሮጣል። ነገሩ ግን የአራት ዓመት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማሰብ ያሻል።

ከሁሉ አስቀድሞ የዲግሪው ስም አያታልልህ። በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1840 የተቋቋመው የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ለምሩቃኑ «ዲ ዲ ኤስ» የተባለውን ማዕረግ ሰጠ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 የጥርስ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ግን ዲግሪውን በላቲን ሰይሞ «ዲ ኤም ዲ» አለው። ልዩነቱ የስም እንጂ የሙያ አይደለም፤ ሁለቱም በሥራ ፈቃድ ረገድ እኩል ናቸው።

ታዲያ መመዘኛው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ስንት በሽተኛ ያክማል? ይህ ሙያ የእጅ ጥበብም ስለሆነ በንባብ ብቻ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ዕዳው ስንት ነው? በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ወጪ ከ100 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ተበድረው የሚማሩትም ሲመረቁ በአማካይ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። ለስም ብቻ ሲባል ይህን መሸከም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ልዩ የሕክምና ዘርፍ ለመሠልጠን የምታስብ ከሆነ፣ ያለፉት ምሩቃን የት እንደ ደረሱ ጠይቅ። ጥርስ ማቃናት ተጨማሪ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 4 ዓመት ይወስዳል፤ የሕክምና ዶክትሬት ለሚጨምርበት 6 ዓመት ይሆናል። ክፍያውም ይለያያል፤ በሆስፒታል የሚሠለጥኑት የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ደመወዝ ሲያገኙ፣ ብዙዎቹ የጥርስ ማቃናት ትምህርት ቤቶች ግን ሠልጣኙን ያስከፍላሉ።

ዝግጅቱም ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ከ2020 ጀምሮ የሚሰጠው ብሔራዊ የጥርስ ሐኪሞች ፈተና ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ፣ ጎበዙን ከመካከለኛው አይለይም። ስለዚህ መራጮቹ የክፍል ደረጃን፣ የምርምር ሥራን፣ የመምህራንን ምስክርነት ይመለከታሉ። ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ደግሞ በቁጥር የሚመዘን የመሠረታዊ ሕክምና ሳይንስ ፈተና ይጠብቀዋል፤ የሰውነት አካላትንና የበሽታን ጠባይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚገባ ያላጠና በኋላ ይቸገራል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በደረጃ ያወጣ እንደ ሆነ፣ ለምርምርም ጊዜ ይሰጥ እንደ ሆነ ቀድሞ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

ልዩ ሥልጠና ግን ግዴታ አይደለም። ያለ እርሱም ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ሕዝብን ማገልገል ይቻላል፤ አብዛኞቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሐሳብህ ቢለወጥ ዕዳው አብሮ አይለወጥም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት በሁለቱም ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን አነጋግር፤ የሚያኮራቸውን ብቻ ሳይሆን የሚያማርራቸውንም ጠይቅ። መልሳቸውን ከወጪው ጋር በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈህ ስታየው፣ የሚሻልህን ራስህ ታውቀዋለህ።