መንጋውን ከመልቀቅዎ በፊት ቅጠሉን ይዩ፦ የፀረ አረም ጉዳት ምልክቶች

ወደ መተማ የሚነዳ ከብት በየመንገዱ ከማሽላና ከሰሊጥ ማሳ ዳር ይግጣል። ዳሩ ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ ግን ነጋዴው ድንበር ሳይደርስ ሊከስር ይችላል። የተረጨውን ቦታ በድርቅ ከተጎዳው ለመለየት ቅጠሉን በደንብ ማየት ይረዳል።

መጀመሪያ ጉዳቱ የት ላይ እንዳረፈ ይመልከቱ። ድርቅ ዕፅዋቱን በጠቅላላ ቀስ በቀስ ያጠወልጋል፤ አፈሩ ስስ በሆነበት ቦታም ይብሳል። ርጭት ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል፦ በአንድ በኩል የደረቀ፣ በሌላው በኩል ለምለም።

ቀጥሎ የቅጠሉን መልክ ይዩ፦

• ቱ ፎር ዲ፦ የሚያጠቃው ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ ማሽላ፣ ጤፍና ስንዴ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል። ሰሊጥም ሰፊ ቅጠል ስላለው ነፋስ ከጎረቤት ማሳ ያመጣው ጠብታ ያጣምመዋል።

• ግላይፎሴት (ራውንድ አፕ)፦ ሳርና ሰፊ ቅጠል ሳይለይ ይገድላል። ቢጫነቱ ከአዲሱ ቅጠል ይጀምራል፤ በደንብ ለመታየት 1 ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሳሩ ለምለም ስለሆነ ብቻ አልተረጨም ብለው አይደምድሙ።

• ፓራኳት፦ የነካው ቦታ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ተቃጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ያልነካው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ለሰውም ለከብትም ከባድ መርዝ ነው።

አደጋው የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። በቱ ፎር ዲ የተጎዳ አረም ናይትሬት ሊያከማች ይችላል፤ በተለይ አሉማ ከሚያከማቹት አንዱ ነው። ከብት በደህናው ቀን የማይነካውን እንደ አስተናግር ያለ መርዛማ ተክልም ሲጠወልግ ሊበላው ይችላል። የተራበ መንጋ ሳይመርጥ ስለሚበላ አደጋው የበለጠ ነው።

በናይትሬት የተመረዘ ከብት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ደሙም ቡናማ ይሆናል። ሳያስሮጡ ከቦታው ያውጡትና ፈጥነው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ በጊዜ ከተደረሰለት ሊድን ይችላል።

ባለማሳውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ተረጨ? መቼ? ዕቃው ላይ የተጻፈው ከግጦሽ የመቆያ ጊዜ ስንት ቀን ነው? መልስ ካላገኙ መንጋውን አሳልፈው ይንዱ። የአንድ ቀን መኖ ከመግዛት በላይ የሚያስከፍለው የአንድ በሬ ሞት ነው።