ደመና፣ ማንኪያ፣ ብርሌ

ሲያትል ከጥቅምት ጀምሮ ደመና ሲጫናት ነዋሪው ያማርራል። የሚያብረቀርቅ የቤት ዕቃ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ሰማይ የለም። ማንኪያም ሆነ ትሪ ፎቶ ላይ የሚታየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር መልሶ በማሳየት ነው። ጠራራ ፀሐይ ወይም ፍላሽ ካረፈበት ዓይን የምትወጋ ነጭ ነጥብ ያወጣል፣ የቀረው ይጨልማል። ደመና ያጣራው ብርሃን በሰፊ መስኮት ሲገባ ግን ብረቱ ከነጭ ወደ ግራጫ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ቅርጹም ያኔ ይለያል።

ከተማዋ ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረችው ኢሞጀን ከኒንግሃም በ1910 እዚህ ስቱዲዮ ከፈተች። በ1917 ወደ ካሊፎርኒያ ከሄደች በኋላ ትንንሽ ልጆች ከቤት ሲያስቀሯት የግቢዋን አበቦች በቅርበት ማንሳት ያዘች፤ ስሟን የተከሉት እነዚያ ሥራዎች ናቸው። ተራራ ወጪዋ ኤላ ማክብራይድ ደግሞ በ1916 የራሷን ስቱዲዮ ከፍታ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆናት በአበባ ፎቶዎቿ ታወቀች። በ1924 የጃፓን ስደተኞች የሲያትል ካሜራ ክለብን አቋቋሙ። መሪያቸው ሐኪሙ ኪዮ ኮይኬ ነበር፤ ማክብራይድም አባል ሆነች። ከክለቡ ጋር የተሳሰረው ሂሮሙ ኪራ የታጠፈ ወረቀትን ከነጥላው አንስቶ ሙሉ ሥዕል ያወጣለት ነበር። ክለቡ በ1929 ተዘጋ። በ1942 መንግሥት ጃፓናውያኑን ከቤታቸው ሲያፈናቅል ኮይኬም አይዳሆ ወደሚገኘው ሚኒዶካ ሰፈር ተወሰደ። ካሜራም ያኔ ለእነሱ የተከለከለ ዕቃ ነበር።

በሌላው ዓለም ፖል ስትራንድ በ1916 የወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳህኖችን፣ አንድሬ ከርቴሽ በ1928 ሳህን ላይ የተደገፈ ሹካን፣ ጃን ግሩቨር በ1970ዎቹ መጨረሻ የዕቃ ማጠቢያዋን ቢላና ማንኪያ አነሱ። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ግሩቨር ናት፤ ብረቱ የሌላውን ዕቃ ቀለም እየተዋሰ የቱ ዕቃ፣ የቱ ነጸብራቅ እንደሆነ ያደናግራል።

በእኛ በኩል ፎቶ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ በአመዛኙ የሰው ፊት ነው። ዕቃው ከኋላ ሆኖ ያጅባል እንጂ ለብቻው አይነሳም፤ ይህ ያስቆጨኛል። ሲያትል ያለው የሐበሻ ቤት እኮ በሚያብረቀርቅ ነገር የተሞላ ነው፦ ፔርሙዝ፣ ጠርዙ ወርቅማ ስኒ፣ የብር መስቀል፣ በሻንጣ የመጣ ብርሌ።

ብርሌውን እንውሰድ። ውኃ ሞልቶ መስኮት ፊት ሲቀመጥ ክብ ሆዱ እንደ ሌንስ ይሠራል፤ ውጭ ያለው ጥድ ሥሩ ወደ ላይ ይሆናል፣ ሰማዩ ታች ይወርዳል። ጠጅ ከተቀዳበት ይኸው የተገለበጠ መስኮት ቢጫ ሆኖ ይበራል። ከኋላው ነጭ ወረቀት፣ ግራና ቀኙን ጥቁር ካርቶን ቢቆም የመስተዋቱ ጠርዝ በጥቁር መስመር ይሳላል። ጥቁሩን ካርቶን ከኋላ አድርጎ በዙሪያው ብርሃን እንዲያልፍ ቢተውለት ደግሞ መስመሩ ነጭ ይወጣል።

ብረት የበለጠ ያስቸግራል። ብርሃን የሚያጣራው ፖላራይዘር ፊልተር የመስተዋትን ነጸብራቅ ከገደድ ያለ አቅጣጫ ያደክማል፤ ራቁት ብረት ላይ ግን ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከማንኪያው ሆድ ውስጥ ፊቱን ለማጥፋት መሐሉ የተቀደደ ነጭ ወረቀት ይዞ ሌንሱን በቀዳዳው ያሾልካል። ሌላው አሳሳች ነገር ርቀት ነው። ካሜራው ከጠፍጣፋ መስተዋት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ዕቃው 30 ሴንቲ ሜትር ፊቱ ቢሆኑ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ምስል ጥርት የሚለው ሌንሱ በ80 ሴንቲ ሜትር ሲስተካከል ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ጣቱን ስክሪኑ ላይ በሚታየው ነጸብራቅ ላይ ቢያሳርፍ ይበቃዋል።

የሲያትል ችግር የብርሃኑ ዕድሜ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከሥራ ሲመለስ የሚጨልምበት ሰው የመስኮቱን ፎቶ ለቅዳሜና እሑድ ያቆየዋል፣ ማታ ማታ ደግሞ መብራቱን በመጋገሪያ ወረቀት ጋርዶ ይሠራል።