የሰም ፈተናና አልኮሉ

ሰም ገዢ ያሸታል፤ ከዚያ ቆርሶ ያኝካል። ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ሞራ ገብቶበታል ብሎ ይመልሰዋል። በነጭ ማሯ የምትታወቀው ዋግ ኽምራ ሰሟም ፈላጊ አለው፤ አንዱ ለጧፍ፣ ሌላው በዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ላይ ለመለጠፍ። ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍም ነጥሮ ሰም ይሆናል። ችግሩ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን ነው፤ በጥቂቱ ሲደባለቅ ምላስ አይለየውም።

ቤተ ሙከራ የሚለየው በኤስተር፣ አሲድና አልኮል ተዋህደው በሚሠሩት ውህድ፣ ነው። ከንብ ሰም ሁለት ሦስተኛው ግድም ኤስተር ነው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ኤስተሩን ይበጥሰዋል፣ ሳሙና ያደርገዋል፤ ፓራፊንን ግን አይነካውም። አንድ ግራም ንጹሕ ሰም ከ87 እስከ 104 ሚሊግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበላል።

«ቁጥሩ ልክ ከመጣ ሰሙ ንጹሕ ነው» የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ሞራ ከ190 እስከ 200 ይበላል፣ ፓራፊን ዜሮ። ግማሽ በግማሽ ያደባለቀ አጭበርባሪ 97 አካባቢ ያገኛል፤ አንዲት ጠብታ የንብ ሰም ሳይኖርበት! ስለዚህ ነፃ አሲዱም ይለካል። ሌላም ፈተና አለ፦ በአልኮልና በአልካሊ (በዚያው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) የተፈላው ሰም ሲቀዘቅዝ ይታያል፤ ከ65 ዲግሪ በላይ እያለ ከደፈረሰ ፓራፊን ይጠረጠራል።

«ሥራውን የሚሠራው አልካሊው ነው፤ ፈሳሹ ዕቃ ነው» የሚለው እምነት የተማረውም ሰው ዘንድ አለ። ሰሙን በአልካሊ ውሃ ብቻ ያፈላ ሰው ስህተቱን ያያል። ሰሙ ቀልጦ እንደ ዘይት ላይ ላይ ይንሳፈፋል፣ አልካሊው ከሥር ይቀራል፤ የሚነካኩት መገናኛ ወለላቸው ላይ ብቻ ነው። ትኩስ ኢታኖል፣ ማለትም አልኮሉ፣ ሁለቱንም ስለሚያሟሟ ያገናኛቸዋል። ውሃ ሲጨመርበት ሰሙ ተመልሶ ይለያል፣ ሪአክሽኑም ይንቀራፈፋል።

ታዲያ «አልኮል ያፈጥናል» እንበል? ይህም ተረት ነው። ውሃ ውስጥ በሚሟሟው ትንሽ ኤስተር፣ በኢታይል አሲቴት፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ በአልካሊ ውሃ ውስጥ ኢታኖል በጨመርን ቁጥር መበጠሱ ይዘገያል። እዚህ ማገናኘት አያስፈልግም፤ ቀድሞም ተገናኝተዋል።

የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር፣ በዳይኤሌክትሪክ መጠን (ፈሳሹ የኤሌክትሪክ ስበትን በሚያዳክምበት ልክ)፣ ሊያስረዱ ይሞክራሉ። የውሃ 78 ነው፣ የኢታኖል 24 ግድም። ቁጥሩ ሲወርድ ፍጥነቱ ይወርዳል የሚል ሰው ግን በሌላ ፈሳሽ፣ በዳይሜታይል ሰልፎክሳይድ፣ ይረታል። የእሱ 47 ግድም ነው፣ ከውሃ ያነሰ፤ ሆኖም ውሃው ውስጥ ሲጨመር የኢታይል አሲቴትን መበጠስ እጅግ ያፈጥነዋል። ውሃና ኢታኖል ሃይድሮክሳይዱን በሃይድሮጂን ትስስር ከበው ይይዙታል፤ ዳይሜታይል ሰልፎክሳይድ ግን ለዚያ ትስስር የሚሰጠው ሃይድሮጂን የለውም። ውሃው በተመናመነ መጠን ሃይድሮክሳይዱ ከከበባው እየተላቀቀ ኤስተሩን ያጠቃል። ቅልቅሉን ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ማንን ይከባል፣ ማንንስ ይለቃል የሚለው ነው እንጂ የቁጥሩ ከፍታ አይደለም።

በደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ግድም ከፍ ትላለች። ባሕር ዳርቻ በ78 ዲግሪ የሚፈላው ኢታኖል እዚያ ገና በ72 ግድም ይፈላል። ሰሙ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ መሟሟቱ አያሳስብም፤ የሚጎዳው ፍጥነቱ ነው። እሳቱን ማብዛት ደግሞ አይረዳም፣ አልኮሉን ቶሎ ከማትነን በቀር። ለቆላ ቤተ ሙከራ በተጻፈው ሰዓት ማፍላቱን ያቆመ ባለሙያ ያልተበጠሰ ኤስተር ይተርፈዋል፤ የበላው አልካሊ ያንሳል፣ ሲቀዘቅዝም ቀድሞ ይደፈርሳል። የፓራፊን ምልክትም ይኸው ነው፤ ንጹሕ ሰም ያመጣው ገበሬ ቀላቅለሃል ተብሎ ይመለሳል። መላው ቀላል ነው፦ ከአንዱ ናሙና ሁለት ብልቃጥ አዘጋጅቶ ሁለተኛውን አንድ ሰዓት ጨምሮ ማፍላት፣ ቁጥሮቹም እስኪገጥሙ ድረስ በማንም ላይ አለመፍረድ።