ሁጎ (ፊልም)

ሁጎ በማርቲን ስኮርሴዚ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ2011 ለዕይታ የበቃ አሜሪካዊ የቤተሰብ ጀብዱ ፊልም ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪኩ የተወሰደው ብራያን ሴልዝኒክ በ2007 ካሳተመው «የሁጎ ካብሬ ፈጠራ» ከተባለው ባለ ሥዕል ልብ ወለድ ሲሆን፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ጆን ሎጋን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ጀብዱ ነው፤ ውስጡ ግን ከሲኒማ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ እንዴት እንደተረሳና እንዴት እንደገና እንደታወሰ ይተርካል።

ታሪኩ

ጊዜው 1931፣ ቦታው በፓሪስ የሚገኘው የሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ነው። የሁጎ (አሳ ባተርፊልድ) አባት ሰዓት ሠሪ ነበር። እሱ በእሳት አደጋ ሲሞት ሰካራም አጎቱ ልጁን ወደ ጣቢያው ያመጣዋል። አጎቱ ከጠፋ በኋላ ሁጎ ከግድግዳዎቹ ጀርባ ተደብቆ እየኖረ የጣቢያውን ሰዓቶች ብቻውን ይሞላል። ሰዓቶቹ ቢቆሙ የአጎቱ መጥፋት ይታወቃል፤ በጣቢያው ተቆጣጣሪ (ሳሻ ባሮን ኮኸን) ከተያዘ ደግሞ ዕጣው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው።

ከአባቱ የቀረው ቅርስ ብዕር ይዞ የተቀመጠ፣ በጥርሳም መዘውሮች የሚንቀሳቀስ የተበላሸ የብረት ሰው ነው። ሁጎ ለጥገናው የሚሆኑ ዕቃዎችን በጣቢያው ካለ የመጫወቻ ሱቅ ሲሰርቅ በቁጡው ባለሱቅ (ቤን ኪንግስሊ) እጅ ከፍንጅ ይያዛል። የባለሱቁ የክርስትና ልጅ ኢዛቤል (ክሎዊ ግሬስ ሞሬትዝ) በአንገቷ ያሰረችው የልብ ቅርጽ ያለው ቁልፍ የብረቱን ሰው ያንቀሳቅሰዋል። እሱም ዓይኗ ላይ መንኮራኩር የተሰካባትን ጨረቃ ይሥልና «ዦርዥ ሜሊየስ» ብሎ ይፈርማል። ስሙ የባለሱቁ ነው።

እውነተኛው ሜሊየስ

ሜሊየስ በ1861 ፓሪስ ተወለደ። የምትሃት ትዕይንት አቅራቢ ሲሆን በ1888 የሮበር-ኡደንን ቴአትር ቤት ገዛ። የሉሚየር ወንድማማቾች ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በግራን ካፌ ለሕዝብ ያቀረቡትን የፊልም ትዕይንት ከተመለከቱት አንዱ ነበር። መሣሪያቸውን ለመግዛት ጠይቆ ስላልተሳካለት የራሱን ካሜራ አሠራ፤ በ1897ም በሞንትሮይ በመስተዋት የተሸፈነ ስቱዲዮ አቋቋመ። ካሜራውን አቁሞ ተዋናዩን ወይም ዕቃውን በመለወጥ ሰው በቅጽበት የጠፋ እንዲመስል ያደርግ ነበር። ከ500 በላይ ፊልሞች ሠርቷል፤ ከሁሉም የሚታወቀው በ1902 የሠራው «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ነው።

በኋላ ግን ኪሳራ ደረሰበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ የፊልሞቹ ቅጂዎች ተወስደው ሴሉሎይዳቸው ለጫማ ተረከዝ መሥሪያ ዋለ። በ1923 ደግሞ በእጁ የቀሩትን ዋና ቅጂዎች ራሱ አቃጠላቸው። ከዚያም ከባለቤቱ ከዣን ዳልሲ ጋር በሞንፓርናስ ጣቢያ ከረሜላና መጫወቻ ይሸጥ ጀመር።

ልብ ወለድና ታሪክ

ሁጎ፣ ኢዛቤልና የፊልም ታሪክ ምሁሩ ረኔ ታባር በልብ ወለድ የተፈጠሩ ናቸው። ለሜሊየስ ክብር የተዘጋጀው ታላቅ ምሽት ግን በእርግጥ የተደረገ ነው፤ ሆኖም ፊልሙ እንደሚያሳየው ከ1931 በኋላ ሳይሆን በታኅሣሥ 1929 ነበር። የሜሊየስን ውድቀት ፊልሙ በዋናነት ከጦርነቱ ጋር ቢያያይዘውም፣ ሥራው አስቀድሞ ተዳክሞ የመጨረሻዎቹን ፊልሞች የሠራው በ1912 ነው። ተመልካቾች ወደ እነሱ የሚመጣውን ባቡር በፊልም አይተው ሲደነግጡ የሚያሳየው ትዕይንትም የቆየ አፈ ታሪክ ነው፤ የዘርፉ ተመራማሪዎች ተጋኗል ይላሉ። ባቡር የጣቢያውን ግድግዳ ጥሶ ሲወጣ ሁጎ የሚያየው ሕልም ግን በ1895 በሞንፓርናስ ከደረሰ እውነተኛ አደጋ የተወሰደ ነው።

አሠራሩና አቀባበሉ

ስኮርሴዚ በስሪ-ዲ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ይህ ነው። አብዛኛው ክፍል በእንግሊዝ አገር በሼፐርተን ስቱዲዮ ተቀረጸ። ሁጎ በትልቁ ሰዓት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይበት ትዕይንት ሃሮልድ ሎይድ በ1923 የሠራውን ዝነኛ የድምፅ አልባ ፊልም ትዕይንት ያስታውሳል። ሁለቱ ልጆችም ይህንኑ ፊልም ቀደም ብለው ሲኒማ ቤት ሾልከው ገብተው ያዩታል።

ፊልሙ ለ11 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ በቀረጻ፣ በአርት ዳይሬክሽን፣ በቪዥዋል ኢፌክት፣ በድምፅ ቅንብርና በድምፅ ውህደት አምስቱን አሸንፏል። ስኮርሴዚም የጎልደን ግሎብ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አግኝቷል። በዓለም ዙሪያ 185 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቢያስገባም ወጪው ከባድ ስለነበር አላተረፈም።

ፋይዳው

የድሮ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠልና በጊዜ ብዛት የሚበላሽ ነው፤ ተጠብቆ ካልተቀመጠ ሥራው ከነሠሪው ይረሳል። ከሜሊየስ ፊልሞች ዛሬ የሚገኙት 200 ያህል ብቻ ናቸው። ስኮርሴዚ ራሱ አሮጌ ፊልሞችን የሚያድን ድርጅት በ1990 መሥርቷል። «ጉዞ ወደ ጨረቃ» በእጅ ቀለም የተቀባ ቅጂው በ1993 በስፔን ተገኝቶ ለዓመታት ከታደሰ በኋላ፣ ሁጎ በወጣበት በዚያው በ2011 በካን ፌስቲቫል እንደገና ለሕዝብ ታይቷል።